ረጅሟ ሞተርና የአባቴ ድንጋይ

(ጋሽ እንድሪስ፣ ከሸዋ ሮቢት በታች ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ፣ ባለቤታቸው ፋጡማ ባሉበት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለወንድማቸው ልጅ ለሰሚራ ያጫወቷት። ሰሚራ ከወንዙ ማዶ ጤና ኬላ ትሠራለች። ቃላቸው እንዳለ ተጽፏል።)

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሞተር የሚመርጥ ሰው አልነበረም፣ የሚመረጠው በቅሎ ነበር። ሞተርማ ከመንግሥት የመጣ ሰው ነበር የሚነዳው፣ እሱም አቧራውን አልብሶን ያልፋል፣ እኛም ዓይናችንን እንጠርጋለን፣ አለቀ። እና አሁን አንቺ መጥተሽ "ጋሼ፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ የቱን ልግዛ?" ስትዪኝ ምን ልበልሽ? ደክሞኛል እኮ። አገሩ ሁሉ እኔን መጠየቅ ጀምሯል። እንድሪስ ሞተር ያውቃል ይላሉ። እኔ የማውቀው መውደቅ ነው፣ ስለ መውደቅ የሚጠይቀኝ ቢመጣ ቁጭ ብዬ አስረዳው ነበር።

በይ ተቀመጪ። እሱ ድንጋይ ላይ አይደለም፣ ፀሐይ ሲመታው ውሏል፣ ይፋጃል። ወደ ጥላው ነይ። ፋጡማ፣ ለልጅቷ ውሃ ስጫት፣ ከጤና ኬላ ድረስ በእግሯ ነው የመጣችው።

ይሄ የሚፋጀው ድንጋይ የአባቴ ነው። የበቅሎ መወጣጫ ነው። ከወንዙ በሰው ኃይል አንከባልሎ አምጥቶ ደጃፉ ላይ ተከለው፣ እና በቅሎዋን ከጎኑ ያቆምና ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ እግሩን አሻግሮ ኮርቻው ላይ ቁጭ ነው፣ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ። ታዲያ በቅሎ ሲመርጥ ምን ያያል መሰለሽ? ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያያል፣ ጀርባዋን በመዳፉ ይጫናል፣ ከዚያ ራቅ ይልና ቁመቷን ያያል። ረጅም ከሆነች በቃ። ረጅም በቅሎ ወንዝ ሲሞላ ታሻግራለች፣ ረጅም በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ሰላምታውም ከሩቅ ይጀምርለታል። አጭር ናት ብሎ የሚመርጥ ሰው አላየሁም። እኔም በዚሁ አደግሁ፣ በዚሁ ሸመገልሁ።

ዳማ የምትባል በቅሎ ነበረችኝ፣ ታስታውሻታለሽ፣ ልጅ ሆነሽ ትፈሪያት ነበር። አርጅታ ሞተች። እኔም አብሬያት እያረጀሁ ነበር፣ እሷ ቀደመችኝ እንጂ። ታዲያ የሽንኩርቱ መሬት ታች ወንዙ ዳር ነው፣ ውሃውም በተራ ነው። የውሃ አባቱ አባ ጀማል ናቸው፣ ቦዩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው፣ እና ሕጋቸው አንድ ነው፤ ተራህ ሲደርስ ቦዩ አፍ ላይ ቆመህ ካልተገኘህ ውሃው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። "ውሃ ሰው አይጠብቅም፣ እኔም አልጠብቅም" ይላሉ፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው። የገዛ ወንድማቸውም ቢሆን ያልፉታል። ትክክል ናቸው፣ አልከፋኝም።

ዳማ ከሞተች በኋላ በእግሬ እወርድ ጀመር። ይሄ ግራ ጉልበቴ ቁልቁለት አይወድም፣ እና እየተጎተትሁ ስደርስ ውሃው ሸምሱ ማሳ ውስጥ ገብቷል። ሸምሱ መሬታችን የሚዋሰን ጎረቤቴ ነው፣ ጠንካራ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ አመለጠኝ፣ ደግሞ አመለጠኝ፣ ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ያኔ ሸምሱ መጣና፣ በትሕትና፣ እጁን አጣምሮ፣ "ጋሼ፣ መሬቱን ለእኩል ይስጡኝ፣ እኔ አርሼ ምርቱን እንካፈል፣ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ" አለኝ።

አርፈው ይቀመጡ። ክፉ አልተናገረም እኮ፣ ለእኔ አስቦ ነው። ግን ያንን ቃል ይዤ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አላልቅ አለኝ። አርፎ የተቀመጠ ሰው አይቻለሁ። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለት፣ መሬቱን ለእኩል በሰጠ በዓመቱ ነው አልጋ የያዘው። ፈራሁ ሰሚራ። ምን እደብቅሻለሁ፣ ፈራሁ።

"ባጃጅ ያዝ" አለችኝ ፋጡማ። ባጃጅ የት ይደርሳል? አስፋልቱ እስካለ ይወስድሻል፣ ኮረቱ ሲጀምር ባለ ባጃጁ "አባባ፣ እዚህ ይብቃዎት፣ ጎማዬን አላስበላም" ይልሽና ይዞራል። ስለዚህ ሞተር አልሁ። ሄጄ ከልጆች ጋር ተሰልፌ መንጃ ፈቃድ ተማርሁ። አሰልጣኙ "አባባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁ፣ ቀስ" ይለኛል፣ እኔ እለቃለሁ፣ እሷ ትዘላለች፣ ልጆቹ መሳቅ ፈርተው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ብቻ ለመድሁት። የማሰልጠኛዋ ሞተር ያረጀች፣ ዝቅ ያለች ነበረች፣ ስቆም እግሬ መሬት ላይ ነው። መሬቱ ሁልጊዜ እዚያው ስለነበር ልብ አላልሁትም።

ታዲያ መግዣው ቀን ደረሰና ከፋጡማ ወንድም ከሐሰን ጋር ወደ ከተማ ወረድን። ሐሰን በሕይወቱ ሞተር ነድቶ አያውቅም፣ ምክር ግን ሞልቶታል። ባለ ሱቁ በቀለ ይባላል፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር አቀረበልኝ፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ሞተር ገፍቶ አመጣና "ጋሽ እንድሪስ፣ የመጀመሪያዎ ከሆነ ይቺን ይሞክሩ። እስኪ ይቀመጡባትና ሁለቱንም እግርዎን መሬት ያሳርፉ" አለኝ።

ሐሰን ሳቀ። "ምነው በቀለ፣ ሰውየውን ፍየል ላይ ልታስቀምጠው ነው?"

እኔም ዞር ስል ከጥግ አንዲት ጥቁር ረጅም ሞተር ቆማለች፣ ሆዷ ከመሬት የራቀ፣ ጎማዋ ወፍራም። ሄድሁ። የጎማዋን ጥርስ አየሁ። መቀመጫዋን በመዳፌ ተጫንሁ። ራቅ አልሁና ቁመቷን አየሁ። ትስቂያለሽ አይደል? ሳቂ። ልክ እንደ አባቴ።

"ይቀመጡባት እንጂ" አለኝ በቀለ።

"ገበያ ላይ በቅሎ ላይ የሚቀመጠው ሻጩ ነው፣ ገዢ ያያል እንጂ አይቀመጥም" አልሁት።

"ጋሼ፣ ይቺ በቅሎ አይደለችም።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አልሁት። አላወቅሁም ነበር።

የሱቁ ሠራተኛ እዚህ ድረስ ነድቶ አደረሰልኝ፣ ድንጋዩ ጎን አቆማት፣ እኔም ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፣ እግሬን አሻገርሁ፣ ቁጭ። ተመቸኝ ሰሚራ፣ ዳማ የተመለሰች ያህል ደስ አለኝ። ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። "አንተ ሰውዬ፣ እዚህስ ድንጋይ አለህ፣ እዚያ ማን ድንጋይ ያስቀምጥልሃል?" አለችኝ። ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች ብዬ ሞተሯን አስነሳሁ። ይኸው ትሰማኛለች፣ ውሃውን ይዛ ቆማ እየሳቀችብኝ ነው።

ሄድሁ። አካሄዷን አላማም፣ ግሩም ናት፣ ኮረቱን እንደ ምንጣፍ ትሄድበታለች። ታዲያ ከመታጠፊያው ስደርስ ግመሎች መንገዱን ሞልተው ያልፋሉ። ፍሬን ያዝሁ፣ ቆመች፣ እግሬን ወረወርሁ፣ መሬት የለም። በጣቴ እየፈለግሁ ነው፣ የለም። እና ቀስ ብላ ጋደል አለች፣ እኔም ቀስ ብዬ አብሬያት ጋደል አልሁ፣ ተኛን። ባለ ግመሉ መጣ፣ ሁለታችንን አየና "አባቴ፣ በቅሎዎ ተኛችብዎ?" አለኝ። አልቀለደም፣ ከልቡ አዝኖ ነው። አብረን አነሳናት፣ ግን እንዴት ልውጣ? ኩይሳ አየልኝ፣ ኩይሳው ጎን ያዘልኝ፣ ከኩይሳው ላይ ወጣሁና ሄድሁ።

ያን ቀን የገባኝ ምን መሰለሽ? በቅሎ ሲያቆሟት በራሷ እግር ትቆማለች። ሞተር ግን በአንቺ እግር ነው የምትቆመው። እኔ እግር ቢከዳኝ ነው የገዛኋት፣ እሷ ደግሞ መልሳ እግር ትጠይቀኛለች።

ግን ገዝቻለሁ፣ ሰው አይቶኛል፣ ምን ላድርግ? ድንጋይ ያለበትን ቦታ ሁሉ ማጥናት ጀመርሁ። ድልድዩ ጠርዝ ላይ መቆም እችላለሁ፣ መስጊዱ ደረጃ ጋ እችላለሁ፣ ቦዩ አፍ ላይ ያለው የሲሚንቶ ግንብ ጋ እችላለሁ። ከዚያ ውጪ መቆም የለም። ሰው "አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ ቆም ይበሉ እንጂ" ይለኛል፣ እኔ "ወአለይኩም" እያልሁ አልፋለሁ። እናትሽ እንኳ አንድ ቀን ዕቃ ተሸክማ እጇን ዘርግታ አልፌያታለሁ። ወሬው ተነዛ። "እንድሪስ ሞተር ገዝቶ ጠገበ፣ ሰው አይመስለውም።" በዚህ ዕድሜዬ ጠገበ ተባልሁ። እግሬ አይደርስም ብዬ ለማን ልናገር?

ታዲያ አንድ የተራዬ ቀን፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እየወረድሁ ሳለ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ዶማ ተሸክመው ይሄዳሉ። ቀረብ ስል አባ ጀማል ናቸው። ድምፁን ሰምተው ዞሩ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ መንገዱ መሐል ቆሙና "እንድሪስ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ነው የላከህ፣ አድርሰኝ" አሉ። ዙሪያዬን አየሁ፣ ድንጋይ የለም፣ ኩይሳ የለም፣ ሜዳ ነው። በጎናቸው ዞሬ አለፍሁ። "መቆም አልችልም አባቴ" ብዬ ጮህሁ፣ በሞተሩ ድምፅ ምኑን ሰምተውት።

ቦዩ አፍ ላይ ከእሳቸው ቀድሜ ደረስሁ። ሸምሱ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ቆምን። ውሃው ተዘግቷል፣ የሚከፍተው ሰው መንገድ ላይ ነው። ማን እንደተዋቸው እኔ አውቃለሁ። ሲደርሱ ዶማውን ጣል አደረጉና አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። "ውሃውን የሚሰጠውን ሰው መንገድ ላይ ጥለህ ውሃ ልትቀበል መጣህ?" አሉኝ። "ሸምሱ፣ ተራው ያንተ ነው፣ ና" አሉ።

ያኔ ሽንኩርቴ ታየኝ፣ አባትሽ አልጋ ላይ ታየኝ። ሃፍረቱን ዋጥሁት። "አባቴ፣ እግሬ መሬት አይደርስም" አልሁ።

"ምን አልህ?"

"ሞተሯ ረጅም ናት። ድንጋይ ከሌለ መቆም አልችልም።"

"ውሸታም። ቁም እስኪ፣ ልይህ።"

ከግንቡ ላይ ወጣሁ፣ አስነሳኋት፣ ጥቂት ሄድሁ፣ ፊታቸው ስደርስ ፍሬን ያዝሁ። እግሬ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ከዚያ ሞተሯም እኔም ቦዩ ጭቃ ውስጥ ገባን። ሸምሱ ሮጦ አነሳኝ። አባ ጀማል ግንቡ ላይ ቁጭ አሉና ሳቁ፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ጥምጣማቸውን ፈትተው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ስጡት" አሉ። "የዛሬውን ውሰድ። ከእንግዲህ ግን ወይ በእግርህ ና፣ ወይ የሚቆም ነገር ይዘህ ና።"

በማግስቱ ከነጭቃዋ ወደ በቀለ። ደግ ሰው ነው፣ ምን ሆነው ነው አላለኝም። ያቺን ፍየሏን ገፍቶ አመጣና "ይቀመጡ" አለኝ፣ ተቀመጥሁ፣ "እግርዎን ያውርዱ" አለኝ፣ አወረድሁ። እግሬ ከነተረከዙ መሬት ነካ። ረጅሟን ትቼለት ፍየሏን ይዤ ተመለስሁ። ሐሰን አብሮኝ አልነበረም፣ አልጠራሁትም።

እና ይኸው ሦስት ዓመት በእሷ ተራዬን ሳላሳልፍ ውዬ ገባሁ። አሁን ደግሞ ይሄ ጉልበት፣ መሬቱን ይነካል፣ ግን ሞተሯን አይሸከምም። ባለፈው መስጊዱ በር ላይ ተንቀጠቀጠብኝ። ሸምሱ ዘንድሮም ጠይቆኛል፣ እጁን አጣምሮ። ደከመኝ ሰሚራ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እሺ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሐኪሞቹ የሚነዷትን ረጅሟን አየሁ አልሽኝ አይደል? ስትሄድ ታምራለች። ስትሄድማ ሁሉም ታምራለች። መንጃ ፈቃዱን አውጥተሻል? በይ ብርሽን ያዢ። ፍየሏ ጓሮ ቆማለች፣ ገፍተሽ አምጫት። ማቆሚያውን እጠፊና ተቀመጪባት። እግርሽን አውርጂ። ተረከዝሽም ነክቷል?

"ነክቷል ጋሼ።"

ያንቺ ናት።

"እንዴ፣ እርስዎስ? ውሃውስ?"

ጤና ኬላሽ ከወንዙ ማዶ አይደል? መንገድሽ በእኔ መሬት ነው። ተራዬ ሐሙስ ነው፣ ከዙሁር ሶላት በፊት እዚህ ድንጋዩ ጎን ታቆሚልኛለሽ፣ እኔ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ከኋላሽ እወጣለሁ። ለሸምሱም መልሱን ቦዩ አፍ ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ።

"አባ ጀማልን መንገድ ላይ ብናገኛቸውስ?"

ትቆሚያለሽ። አንቺ እግርሽ ይደርሳል። እኔ እወርዳለሁ፣ እሳቸውን ታደርሻለሽ፣ ከዚያ ለእኔ ትመለሻለሽ።

"እሺ ጋሼ፣ ግን የማወርድዎት ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ነው።"