የአንድ ጣሪያ ሁለት ዓሦች፦ የአቶ ቴሬንቲ ኢፊም ዜና ሕይወት

አቶ ቴሬንቲ ኢፊም ከጀልባ ሠሪው ከአባታቸው ከአቶ ኢፊም ሲዶርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርፋ፣ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1943፣ ዳኑቤ በበረዶ ተቆልፎ አዋላጇ ወንዙን በእግሯ ተሻግራ በመጣችበት ዕለት፣ በዚሁ በመንደራችን ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ በሒሳብ መካከለኛ እንደ ነበሩ ራሳቸውም አይደብቁም ነበር። የበለጡት በእጅ ሥራ ክፍል፣ እንደ ክር የቀጠነ ምላጭ በተወጠረባት መጋዝ ከኮምፔንሳቶ ላይ አበባና ወፍ በሚያወጡበት ሰዓት ነበር። እዚያም ቢሆን በመጀመሪያው ወር የተሰጧቸውን ምላጮች ሁሉ ሰብረው ስላበቁ፣ መምህራቸው «አንተ ልጅ፣ እንጨቱን እየቆረጥከው ነው ወይስ እየተጣላኸው?» ብለው አሳቁባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ መግፋትን ተዉ። ምላጩ ባለበት ቦታ ይወጣል፣ ይወርዳል እንጂ አይዞርም፤ የሚዞረው እንጨቱ ነው፤ ይህ የገባው ሰው የጥበቡ ግማሽ ገብቶታል።

የውትድርና ግዳጃቸውን ፈጽመው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመለሱ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የጀልባ መሥሪያ ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በቅንነት አገልግለዋል። የእናታቸው የስፌት መኪና በጎርፍ ዝጎ በተጣለ ጊዜም መርገጫውን ወስደው፣ ሁለት የእንጨት ክንዶች ገጥመውለት፣ በክንዶቹ ጫፍ ምላጭ ወጥረው፣ በእግር የሚሠራ መጋዝ አደረጉት። ወይዘሮ ማርፋ «ልጄ፣ መኪናዬን ገደልካት!» ቢሏቸው፣ «እማዬ፣ ሞታ ነው ያገኘኋት፤ እኔማ አስነሣኋት» ብለው መለሱ። በዚህ መጋዝ የሰዓት ቤት፣ የመብራት መከለያ፣ የሥዕለ ቅዱሳን መደርደሪያ፣ ለሕፃናትም ተበታትኖ የሚገጣጠም የእንስሳት ሥዕል እየሠሩ ለጎረቤት ያድሉ ነበር። ሐዘንተኞች ይቅር በሉኝና አሠራሩን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፦ ሥዕሉ ያለበት ወረቀት በዱቄት ሙጫ ጣውላው ላይ ይለጠፋል፤ ክፍት በሚሆነው ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ይበሳል፤ ምላጩ ከአንድ ጫፉ ተፈትቶ በቀዳዳው ከገባ በኋላ እንደገና ይወጠራል፤ የውስጡ ተቆርጦ ሳያልቅም ዙሪያው አይነካም፤ ዙሪያውን ያስቀደመ ሰው የሚይዘው ያጣልና።

አቶ ቴሬንቲ በሃያ አምስት ዓመታቸው የአቶ ኒኪፎርን ልጅ ወይዘሮ ኡሊያናን ወደዱ። በዚያን ጊዜ አቶ ኒኪፎርና ወንድማቸው አቶ ዛካር በመረብ መጣያ ቦታ ይገባኛል ተጣልተው፣ የአባታቸውን ቤት በግድግዳ ለሁለት ከፍለው፣ ሳይነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በመንደሩ የሚያልፈውን ቦይ ከሚያየው ባለ ሦስት ማዕዘን የጣሪያ ግንባር ቀኙ የኒኪፎር፣ ግራው የዛካር ነበርና፣ አቶ ቴሬንቲ የግራውን ጌጥ ሊሠሩ ለአቶ ዛካር ቃል ከሰጡ በኋላ፣ አቶ ኒኪፎር ጠርተው «ስማ ጎረምሳ፣ የእኔንም ወገን ሥራ፤ ከዚያኛው በልጦ ከታየ ኡሊያናን ውሰድ፤ ካልበለጠ ግን በዚህ በር እንዳላይህ!» አሏቸው። አቶ ዛካርም ይህን ሰምተው «ለአማት ብለህ ብታሳንሰኝ በመቅዘፊያ ነው የምልህ!» ብለው ዛቱ። ኡሊያና ግን «አንዳቸውን ብታታልል እኔንም እርሳኝ» አለቻቸው።

እንግዲህ አቶ ቴሬንቲ ያደረጉት ይህ ነው፦ ሁለት ጣውላ ደራርበው በምስማር ካጣበቁ በኋላ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ ስለው፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቆረጧቸው። በዚህ መንገድ የተቆረጡ ጣውላዎች እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ ፊት ለፊት የሚተያዩ መንትዮች ይሆናሉ፤ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ቢፈልጉ እንኳ አይቻልም። በአሥራ አንደኛው ቀን ምላጩ የእንጨት ዓይን፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ጠንካራ ቦታ ላይ ደርሶ ዘለለና ከጭራው ጫፍ አንድ ጣት ያህል ቆርጦ ጣለ። ሌላ ጣውላ አልነበራቸውምና ዓሦቹን እንዳሉ በየወገናቸው ሰቀሏቸው።

አቶ ኒኪፎር ቀና ብለው አይተው «ጭራው ጎደሎ ዓሣ! ለዓሣ አጥማጅ! ዛካር ነው አይደል የላከህ?» እያሉ ጮኹ፤ ቀጥለውም መሰላል ተሸክመው፣ ዘጠኝ ዓመት ወዳልረገጡት የወንድማቸው ግቢ ገብተው፣ መሰላሉን ወጥተው፣ የዚያኛውን ዓሣ ጭራ በጣታቸው ለኩ። ለክተውም እዚያው መሰላሉ ላይ በሣቅ ፈነዱ።

«ማነው ጣሪያዬ ላይ የሚያስካካው?» እያሉ አቶ ዛካር ከቤት ወጡ። «ውረድ አንተ ሽማግሌ፣ ትሰበራለህ!»

«ዓሣህ ጭራው ጎደሎ ነው!»

«የአንተስ?»

«የእኔም!»

አቶ ቴሬንቲ ከመሰላሉ ሥር ቆመው ሁለቱን ባንድነት እንደ ቆረጡ፣ የኒኪፎር ወገንም እንዳልበለጠ፣ ልጅቱን እንደሚያጡ እያወቁ በግልጽ ተናገሩ። ከአቶ ኒኪፎር ቀድመው የመለሱት አቶ ዛካር ነበሩ፦ «አልበለጠም፣ አላነሰም። ልጅቷን ስጠውና ከጣሪያዬ ላይ ውረድልኝ!»

ሠርጉ በዚያው በ1968፣ ከጾሙ በኋላ ተደረገ። አቶ ቴሬንቲ ጭራዎቹን እንጠግን ቢሉ ሁለቱም ወንድማማቾች «እንዳትነካቸው!» አሏቸው። ከወይዘሮ ኡሊያና ጋር ሃምሳ ስድስት ዓመት በፍቅር ኖረው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ፤ በቦዩ ዳር ካሉት ግንባሮችም ሠላሳ አንዱን በእጃቸው ሠሩ፤ ለመማር በራቸውን ያንኳኳውን አንድም ሰው አልመለሱም።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የሳንባ ሕመም አድሮባቸው በቱልቻ ከተማ ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኡሊያና፣ ልጆቻቸው አርቴም፣ አንፊሳና ቫቪላ፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውም ከኋላቸው ቀርተዋል። የኒኪፎርንና የዛካርን ወገኖች ግን ለይቼ ልጽፍ ብነሣ ማን ከየትኛው እንደሆነ እነርሱም ተከራክረው ሳይስማሙ ስለቀሩ፣ ሁላችሁንም በአንድ ስም «ቤተሰቦቻቸው» ብዬ ጽፌአችኋለሁ።

እጃቸውን ያበጀ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።