በድምፅ ብልጫ የተሰማው ፊደል

(ከቀትር በፊት፣ ባዶ የሴቶች እድር አዳራሽ። ሰዎች በጫጫታ መሀል የትኛውን ፊደል ከየትኛው አምታተው እንደሚሰሙ የምታጠናው ተማሪ ረድኤት የእድሩን ሰብሳቢ እትዬ አፀደን ትሞግታለች።)

ረድኤት፦ እትዬ አፀደ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ! ቅዳሜ ማዳመጫውን ጆሯችሁ ላይ አድርጌላችሁ ስወጣ እዚህ ምን ተደረገ?

እትዬ አፀደ፦ ምን ይደረጋል? ሰማን፣ ጻፍን፣ ዳቦ ቆርሰን ተበተንን።

ረድኤት፦ ታዲያ የሠላሳችሁም መልስ እንዴት አንድ ሆነ? «ጠ» ሲባል ሁላችሁም «ቀ»! «ጨ» ሲባል ሁላችሁም «ጸ»!

እትዬ አፀደ፦ መስማማታችን ነዋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?

ረድኤት፦ አንበሳ እሰሩልኝ መቼ አልኩ? አማካሪዬ ቢደምር ቢያካፍል አልዋጥልህ አለው። «ይሄ የሠላሳ ሰው ጆሮ አይደለም፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አንዱን ወረቀት ገልብጠሻል» አለኝ። ካላስተካከልኩ መመረቅ የለም!

እትዬ አፀደ፦ ምላሱ ይቆረጥ! ማንም አልገለበጠም። በየፊደሉ ተወያይተን፣ እጅ አውጥተን፣ በድምፅ ብልጫ ነው የወሰንነው። «ሸ» ላይማ ልንጣላ ምንም አልቀረን።

ረድኤት፦ በድምፅ ብልጫ?! ኧረ እትዬ፣ ጆሮ በስብሰባ ይሰማል?

እትዬ አፀደ፦ አንዷ ብቻዋን ተሳስታ ከምታፍር ሁላችንም ብንሳሳት ምን አለበት?

ረድኤት፦ በቃ፣ ዛሬ ከሰዓት አንድ በአንድ እየገቡ ይድገሙልኝ። እርስዎ ካዘዙ ይመጣሉ።

እትዬ አፀደ፦ አላዝም።

ረድኤት፦ ለምን?

እትዬ አፀደ፦ ደንባችን አይደለም።

ረድኤት፦ እንወያይ ያለችውስ ማን ናት? ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።

እትዬ አፀደ፦ እንግዲያው እዚሁ ውደቂ። እኔ ነኝ።

ረድኤት፦ እርስዎ?!

እትዬ አፀደ፦ በሩን ዝጊው! ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ልጄ። ሰው ፊት ለፊቴ ሲያወራ አፉን እያየሁ እይዘዋለሁ፤ ያንቺ ማሽን ግን አፍ የለው! ሹርርር ይላል እንጂ። ሲጨንቀኝ «እንወያይ» አልኩ።

ረድኤት፦ ሴቶቹ አያውቁም?

እትዬ አፀደ፦ ምን አውቄ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ደንቆሮ ሰብሳቢ ተብዬ ከወንበሬ ስነሳ ግን ይታየኛል። አፍራለሁ፣ ረድኤት።

ረድኤት፦ ስም አልጽፍም እኮ! ደግሞ ጥናቱ ስለ ስህተት ነው። ሁሉን ጥርት አድርጎ የሚሰማ ሰው ምን ያደርግልኛል? የሚያስመርቀኝ የሚሳሳት ጆሮ ነው።

እትዬ አፀደ፦ ስንሳሳት ነው የምትመረቂው?

ረድኤት፦ አዎ! እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ስትሳሳቱ።

እትዬ አፀደ፦ አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቀድመሽ አትናገሪም! በይ ማሽንሽን አዘጋጂ። ሴቶቹን አሁኑኑ ሰብስቤ አስወስናለሁ፤ ልጃችን እስክትመረቅ ድረስ አንዲት ፊደል በትክክል የሰማች ቅጣት ትከፍላለች!