ጋሼ ጆሮ እና ሦስተኛው ጉድለት

የብየዳ ቤቱ በር ላይ ድንገት ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጋሼ ጆሮ መዶሻውን ይዞ ሲወጣ፣ መርማሪዋ በድምፅ የብረትን ውስጥ የሚያሳየውን የአልትራሳውንድ መሣሪያዋን በደረቷ አንጠልጥላ ትገባለች። የጎረቤቱ ልጅ ናት። ትናንት እሽሩሩ ያላት ሕፃን ዛሬ ሥራውን ልትመረምር መምጣቷ ከነከነው።

ሽማግሌው በያጅ ብረት በመዶሻ መትቶ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ «ደህና ነው» ወይም «ታሟል» ስለሚል ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ጆሮ ይለዋል። አሁን የጨረሰው የአሲድ ታንከር ነው፤ አሲድ ብረቱን እንዳይበላው ውስጡን በኒኬል ብየዳ አልብሶታል። ከሰዓት ተጭኖ ይሄዳል። የመጨረሻ ልጁም ታንከሩ በሚሄድበት ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ከሥሩ ቆሞ ቧንቧ ሊከፍትና ሊዘጋ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

«ደህና። ምነው፣ ልታዋርጂኝ መጣሽ?»

«ኧረ ምን በወጣዎ! ታንከሩን ልየው ብዬ ነው።»

«እኔ አይቼዋለሁ። እንደ ደወል ነው የሚጮኸው።»

«መዶሻ የሚያስጮኸው ብረቱን በሙሉ ነው፣ ጋሼ። ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ኒኬሉ ከብረቱ ሳይያያዝ ቢቀር ድምፁ አይለወጥም።»

«ካቻምና አንዱ እንዳንቺ ሳጥን ይዞ መጥቶ 'ሁሉም ተበላሽቷል' አለ። ፍቀን ፍቀን ብናየው ደህና! ሳጥናችሁ ዋሾ ነው።»

እዚህ ላይ እውነት ነበረው፤ እሷም አልካደችም። የተማረ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ስንት ጠብ በቀረ!

«እውነትዎን ነው። ኒኬል ሲበየድ ውስጡ ሻካራ ይሆንና የምንልከውን ድምፅ ይበታትነዋል። ያ ሰው ብረቱ ላይ የሚያስኬደው መዳሰሻ ለተራ ብረት የተሠራ ስለነበር፣ ከሻካራው የተመለሰውን ድምፅ ሁሉ ጉድለት አደረገው። የእኔ መዳሰሻ ለኒኬል የተሠራ ነው፤ ግማሹ ድምፅ ይልካል፣ ግማሹ የተመለሰውን ይቀበላል።»

«ለማያውቅሽ ታጠኚ!» አለና ወደ ውስጥ ገብቶ ክብ ብረት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ለታንከሩ አፍ ስንከፍት የተቆረጠ ነው፤ የራሴው ብየዳ። ጉድለት ሠርቼበታለሁ። ስንት እንደሆነ ከነገርሽኝ ታንከሩን እዪው። ካቃተሽ ግን ወደ ቤትሽ!»

መርማሪ እንደሚመጣ ሰምቶ ማለዳ ከብረቱ ወገን ሁለት ቀዳዳ ሰርስሮ አፋቸውን ደፍኖ ነበር። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ልጅቷ የኒኬሉን ፊት ቅባት ቀብታ መዳሰሻውን ቀስ እያለች ታስኬደው ጀመር። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው። አንድ ቦታ በጠመኔ አከበበች። ሁለተኛውን ስታከብ ጋሼ ጆሮ የሠራቸው ሁለቱም መገኘታቸውን አየ። እሷ ግን አላቆመችም።

«ሦስት ነው» አለች።

«ይኸው ሳጥንሽ ዋሸ! ሁለት ነው የሠራሁት!»

«እንቁረጠውና እንየው፣ ጋሼ።»

መጋዙ ሦስተኛዋን ክብ ለሁለት ሲከፍላት፣ በኒኬሉና በብረቱ መካከል ጥቁር ክር የመሰለ ክፍተት ታየ። ውስጡ፣ ብየዳ ሲበርድ ላዩ ላይ የሚጋገረው ቅርፊት ነበር። አንዱ የብየዳ ዘንግ አልቆ ሌላው የተጀመረበትን ቦታ ሽማግሌው ወዲያው አወቀው። ሥራ ያስተማረው ሰው «ብየዳ ከበረደ ሞተ» ይለው ስለነበር፣ ቅርፊቱን ሳያራግፍ ደርቦ መበየድ የዕድሜ ልክ ልማዱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ሆነ፤ አፈረ፣ ከሐፍረቱም ይልቅ ፈራ።

«እጅዎ እንከን የለውም፣ ልማዱ ነው የተሳሳተው» አለችው በለሆሳስ። «ዛሬ ካገኘነው ፍቀው ይበይዱታል። አሲዱ ከቀደመን ግን ብረቱን ከውስጥ በልቶ...»

አልጨረሰችውም። ልጁ ታንከሩ ሥር ቆሞ ለጋሼ ጆሮ ታየው።

አለቃው ብቅ አለ። «መኪናው መጥቷል፤ ይጫን?»

«አይጫንም!» አለ ጋሼ ጆሮ። «ሥሩ የሚቆመው ልጄ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆንስ ያው አይደል? ነይ ልጄ፣ እዪው። ነገር የሚቃናው ሳይደርቅ በርጥቡ ነው።»

ታንከሩ ውስጥ የጠመኔ ክቦች በዙ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ፍቆ፣ ቅርፊቱን እያራገፈ እንደገና በየደው፤ እሷም ደግማ አየችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ደህናው ብየዳ በጥርጣሬ አይፋቅም፤ የታመመውም አሲድ ሳይነካው ይታከማል፤ ሥሩ የሚቆመውም ሰው ማታ ቤቱ ይገባል።

የተቆረጠው ብረት ግማሹ ዛሬ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አዲስ በያጅ ሲቀጠር ጋሼ ጆሮ በመዶሻው አንዴ ይመታዋል፤ እንደ ደወል ይጮኻል።

«ሰማህ? ደህና ነኝ ይላል» ይለዋል፤ ከዚያ አገላብጦ ጥቁሯን ክር ያሳየዋል።