የተደፈነው የሻንሲ ቁጥር

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከወልድያ ወደ ደሴ ስጓዝ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ መርሳ ላይ ጎማው ፈነዳ። እስኪለወጥ ድረስ ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ አልሁ። የቀትሩ ሙቀት ዓይን ይከድናል፤ የማንጎው ቅጠል እንኳ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። ከዛፉ ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ የገጠር ሞተር ብስክሌት ቆሟል። ቀለሙ ከማማሩ የተነሣ ደመናው በላዩ ሲያልፍ ይታያል። በሕልሜ የማየው መስሎኝ ፈዝዤ ቀረሁ።

“ቁጥሩ ካልተገኘ ይህ ሰው ጣቢያ ነው የሚያድረው!” የሚል የፖሊስ ድምፅ አነቃኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩ ነጂ ስዩም ግራና በምትባል ከተማ የወባ መከላከያ ሠራተኛ ነው። መድኃኒት ጭኖ ሲሄድ ውርጌሳ ኬላ ላይ ተፈተሸ፤ በሊብሬው የተጻፈው፣ ፋብሪካው በብረቱ ላይ የመታው የሻንሲ ቁጥር ግን ከሞተሩ ላይ ታጣ። “የተሰረቀ ይሆናል” ተባለና ፖሊሱ ከነሞተሩ ቀለም ወደቀባው ጋራዥ አመጣው።

የጋራዡ ባለቤት አቶ ደምሴ ሽበታም፣ በእጃቸው ሥራ የሚኮሩ ሰው ናቸው።

“ጌታው፣ ይህን ሞተር መርሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። ከመሪው አንገት ላይ ያለውን የቁጥር ጭረት እንደ ጠባሳ ቆጥሬ በስቱኮ የደፈንሁት እኔ ነኝ። ችግር ካመጣ ቁጥሩን ከሊብሬው አይቼ አሁኑኑ እመታዋለሁ” ብለው መዶሻና የቁጥር መምቻ አነሡ።

ደሴ የሙያ ትምህርት ተምራ የተመለሰችው የእኅታቸው ልጅ ፀዳለ ፈጥና ቀረበች።

“ጋሼ፣ እባክዎን መዶሻውን ያስቀምጡት።”

“ምነው ልጄ? ቁጥሩ እኮ ያው ነው። አንድም ሳላጓድል ብቀዳው ምን ውሸት አለው?”

“የሰው ፊርማ አስመስለው ቢፈርሙስ? ስሙ ያው ነው፤ እጁ ግን የሌላ ነው። የፋብሪካው ቁጥር ከሥር ሳለ ሌላ ቢመቱበት እውነተኛው ሞተር የሐሰት ይሆናል። ስዩም ንጹሕ መሆኑን ከዚያ ወዲያ በምን ያስረዳል?”

“ታዲያ ሦስት ቀን የለፋሁበትን ልትፍቂው ነው?”

“የሁለት ጣት ስፋት ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ መልሰን እንቀባዋለን።”

አቶ ደምሴ ስዩምን አዩት። ከንፈሩ ደርቋል። መዶሻውን ዝቅ አደረጉ።

ፀዳለ ቀለም በሚያሟሟው ቲነር የነከረችውን ጨርቅ ከመሪው አንገት በስተቀኝ አሳረፈች። “በብርጭቆ ወረቀት ብንፈገፍገው ቁጥሩም ይላጣል፤ መታገሥ ነው” አለች። ቀዩ ቀለም ቀስ እያለ ወረደ፤ ግራጫው ስቱኮ ላላ፤ እሷም በእንጨት ስንጣሪ ጠረገችው። ቁጥሮቹ ከጉም እንደሚወጡ መንገደኞች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የመጨረሻው ብቻ ሦስት ይሁን ስምንት አልለይ አለ። ሊብሬው ሦስት ይላል። ስምንት ከሆነ ስዩም አለቀለት።

ፀዳለ በቁጥሩ ላይ ስስ ወረቀት ደርባ እርሳስ አጋድማ አሸችበት። ወረቀቱንም ለአጎቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው ወደ ብርሃኑ ዘርግተው መረመሩት።

“ሦስት” አሉ በመጨረሻ። “ሦስት ነው።”

ፖሊሱም አስተያየና ሊብሬውን መለሰ። ስዩም የፀዳለን እጅ ስሞ፣ መድኃኒቱን ጭኖ ወደ ግራና በረረ።

“ለካ ጠባሳ ያልሁት የሞተሩ ስም ኖሯል” አሉ አቶ ደምሴ። “እንግዲህ እንዴት ልቀባ?”

“ቁጥሩን አስቀድመው ወረቀት ላይ ያንሡት። ከዚያ ቦታውን ሸፍነው ይቀቡ፤ ሲጨርሱ ዝገት እንዳይበላው ስስ ግራሶ ያልብሱት።”

እውነትም ቁጥሩ የሚታይ ሞተር ቢሰረቅ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ነጂውም ኬላውን ሳይፈራ ያልፋል፤ በሽተኛም መድኃኒቱ በሰዓቱ ይደርስለታል። ውበት ማንነትን ካልጋረደ ጌጥ ነው።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲነፋ አቶ ደምሴ ወደ እኔ መጡ። “ወንድሜ፣ ውርጌሳ ስትደርስ ንገርልኝ። ደምሴ የቀባው ሞተር ያለው ሁሉ ይምጣ፤ የደፈንሁትን ቁጥር ራሴ እገልጠዋለሁ፤ በነፃ ነው በል” አሉኝ።

ውርጌሳ ስንደርስ ወርጄ ለኬላው ሰዎች ነገርኋቸው።