ሁለት አያቶች በአንዲት ጠበቃ ቢሮ

በኛ ጊዜ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጠበቃ የሚባል ነገር ማን ያውቃል፣ ጠበቃውም ዳኛውም እኛው ሽማግሌዎቹ ነበርን፣ ሣር ላይ ቁጭ ብለን "አንተም ተው፣ አንቺም ተይ" እንላለን፣ አለቀ። ታዲያ የገዛ ልጄ ምሕረት፣ ሆሳዕና የምታስተምረዋ፣ "አባዬ፣ ከታምራት ጋር መኖር አልቻልኩም፣ ልፈታው ነው፣ ሽማግሌም አልፈልግም" ስትለኝ ጉድ አልኩ።

ታምራት ሹፌር ነው፣ አይሱዙ ይነዳል፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ቤቱን ረስቶታል፣ ሲመጣም ለጠብ ነው የሚመጣው። እሷን ያስጨነቃት ደግሞ ፍቺው አይደለም፣ ልጇ ቤቴል ናት። የታምራት ወገኖች "ልጅቷ የአባቷ ዘር ናት፣ አገራችን ሀቢቾ እንወስዳታለን" ብለዋታል። እና "ጠበቃ ይዣለሁ፣ በስልክ ተነጋግረናል፣ ነገ ቢሮዋ አብረኸኝ ግባ" አለችኝ።

እኔ ታዲያ ከምኖርበት ከአንጋጫ በማለዳ ተሳፍሬ ሆሳዕና፣ ቢሮው ጋ፣ ምሕረትን ቀድሜያት ደረስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ ማን ቁጭ ብሏል መሰላችሁ? አቶ ኤርጫፎ፣ የታምራት አባት፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

"ምን ልታደርግ መጣህ?" አልኩት።

"ጠበቃ ልይዝ ነዋ። አንተስ?"

"እኔም ጠበቃ።"

"እኔ ቀድሜሃለሁ" አለኝ፣ ልክ ወፍጮ ቤት ወረፋ እንደያዘ ሰው።

እኔ በከምባትኛ አንድ ነገር አጉረመረምኩ፣ እሱም በሃዲይኛ መለሰልኝ፣ ምን እንደተባባልን አትጠይቁኝ፣ እዚህ ልጆች አሉ። ጠረጴዛው ጋ አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ተቀምጣ ትጽፋለች፣ እኔ ጸሐፊ መስላኛለች፣ ጠበቃ ሲባል እኮ ከረባት ያሰረ ባለ ቦርጭ ሰውዬ ነው የምጠብቀው። ታዲያ ቀና ብላ፣ በትህትና፣ "አባቶቼ፣ ጠበቃዋ እኔ ነኝ፣ ትዕግሥት እባላለሁ። እናቴ ከምባታ ናት፣ አባቴ ሃዲያ ነው፣ ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ" አትለንም? የምገባበት ጠፋኝ እላችኋለሁ።

ይሄኔ ምሕረት ደረሰች። ጠበቃዋ ወደ ኤርጫፎ ዞራ "አባቴ፣ እኔ የምሕረት ጠበቃ ነኝ፣ ለሁለቱም ወገን መቆም አልችልም። ለታምራት ሌላ ጠበቃ ይፈለግለት፣ እሱ ራሱም ይምጣ" አለችው።

"ልጅቷን ለማን ልትሰጪ ነው?"

"የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤትም የሚያየው ለልጅቷ የሚበጃትን እንጂ የአባት ዘር የእናት ዘር ብሎ አይደለም።"

ተነሳ ኤርጫፎ። በሩን እንደያዘ ዞሮ "እሺ፣ ልጄ ሚስቱን ይፍታ። እኔስ? እኔንም ከልጅቷ ልታፋቱኝ ነው?" አለ። ምሕረት "አባባ፣ እንወስዳታለን ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ማን ከለከለዎት?" አለችው። "ላጣት ነው ብዬ እኮ ነው" አለ፣ እሱም አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች፣ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ጠበቃዋ ግን ውሃ ቀድታ ሰጠችውና "ይሄንኑ ለልጅዎ ጠበቃ ይንገሩት። ከተስማሙ የልጅቷ ነገር እዚያው ስምምነት ውስጥ ይገባል" አለችው።

ስንወጣ ዝናብ፣ ያለው ባጃጅ ደግሞ አንድ። ምሕረት ጠበቃዋ ጋ ቀረች፣ እኔና ኤርጫፎ ተጣብበን ገባን፣ ተኮራርፈን። ትንሽ እንደሄድን ኤርጫፎ "ቅድም ያልከኝን እኮ እኔም ሰምቼዋለሁ" አለ። "እኔም ያንተን" አልኩት። ከዚያ ሳቅ ያዘን፣ እሱ ሲያቆም እኔ እጀምራለሁ፣ እኔ ሳቆም እሱ፣ ባለ ባጃጁ መንገዱን ትቶ እኛን ያያል።

ታምራትም ጠበቃ ያዘ፣ ተከራከሩ፣ በኋላ ተስማሙ፣ ዳኛውም አጸደቀ። ቤቴል እናቷ ጋ ትኖራለች፣ አባቷ ሥራ በሌለው ጊዜ ይወስዳታል፣ ትምህርት ሲዘጋ ሀቢቾ ትከርማለች። ምሕረት ከችሎት ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ስንት ጊዜ ሳትስቅ ኖራ፣ የኔ ልጅ።

አሁን ምሕረትና ታምራት ስለ ልጅቷ ካልሆነ አይነጋገሩም። እኔና ኤርጫፎ ግን ሳንደዋወል አንውልም፣ ላሜ ወለደች ብሎ ይደውላል፣ ዘነበ ብሎ ይደውላል፣ ስልኩን አልዘጋም ይላል፣ ትናንት ሰደብኩት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔው ደወልኩለት።

"አይ አባባ" አለችኝ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብላ ስትሰማ የነበረችው የወንድሜ ልጅ እየሳቀች፣ "እናንተን የሚያፋታ ጠበቃ እንኳን ሆሳዕና፣ አዲስ አበባም አይገኝም።"