የወሩ ስም ቦታ ይፈጃል

በሆስፒታሉ የቀጠሮ መስኮት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ባልየው ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ መሐንዲስ» የሚላቸው፣ የዚህኑ ሆስፒታል የቀጠሮ ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉ ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው ሆዳቸው ውስጥ እጢ ተገኝቶባቸው ለቀዶ ጥገና ተቀጥረዋል። የያዟት ቁራጭ ወረቀት 3/7 ትላለች፤ ዛሬም የሰባተኛው ወር ሦስተኛ ቀን ነው። የመስኮቷ ሠራተኛ ግን «ቀጠሯችሁ ካለፈ አራት ወር ሊሆነው ነው፤ ስላልመጣችሁ ስማችሁ ተሰርዟል። ለማንኛውም ሐኪሙ ይያችሁ» ብላ ፋይሉን ወደ ውስጥ ልካለች።

«ዘንድሮ ሥራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ!» እያሉ ሽማግሌው ሲቆጡ፣ ማተሚያ ልታስተካክል የመጣች ወጣት ድምፃቸውን ሰምታ ዞር አለች። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሥራ ያስተማሯት ፕሮግራመር ናት።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

ወረቀቷን ሰጧት። አይታ ፊቷ ተለዋወጠና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ቀጠሮው በሦስተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ነበር፣ ጋሼ። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ። ፕሮግራማችን ደግሞ ቀን ሲያትም ‹ማሽኑ እንደለመደው ይጻፍ› ነው የሚለው።»

«ታዲያ ማሽኑን ማስተካከል ነዋ! የኔ ፕሮግራም ምን በደለ?»

«ማሽንማ ነገም ይቀየራል። ልማድን ከማሽን አንዋስ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ይወቀው ነው የምልዎት። ከሁለት ዓመት በፊት ቤትዎ ድረስ መጥቼም ይህንኑ ብዬ ነበር።»

እውነቷን ነው። አለቃዋ «ጋሼ ሳይፈቅዱ እንዳትነኪው» ስላላት ደጅ ጠንታ ነበር። ሽማግሌው ግን የሚሠራ ነገር አይነካም ብለው መለሷት። የራሱን ሥራ እንደ ልጁ የሚወድ ሰው ነውሩን ሲነግሩት አይሰማም።

«ስህተት ቢኖርማ ሰው አይጮህም ነበር?» አሉ፣ አሁንም እጅ ላለመስጠት።

«ይጮሃል እንጂ! በሃያ አምስት የተቀጠረ ሰው 3/25 ሲያይ ‹ሃያ አምስተኛ ወር ደግሞ የት አለ?› ብሎ ይመለሳል፤ ጸሐፊዎቹ በእስክሪብቶ ያርሙለታል። እስከ አስራ ሦስት ያለው ቀን ግን ወርም ይመስላል። ያ ሰው አምኖ ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል። ወሩ በስሙ ይጻፍ ስልዎት ምን ነበር ያሉኝ?»

ሽማግሌው ያስታውሳሉ። «ወረቀቷ ጠባብ ናት፤ የወሩ ስም ቦታ ይፈጃል» ነበር ያሉት።

«እኔ እኮ፣ ልጄ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ይጻፍ ማለቴ ሰው ማክበር መስሎኝ ነው።»

«ለሰውማ እንደ ልማዱ እናሳየው፤ ግን የሱን ልማድ አውቀን። ውስጥ ስናስቀምጠው አንድ ወጥ ይሁን፦ ዓመቱ በአራት አሃዝ፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀጥሎ ቀን። ሲታተም ወሩ በስሙ፣ ሰዓቱም ጧት ይሁን ማታ ተለይቶ። ቁጥርም እንደዚሁ ነው። አንዱ ማሽን በነጥብ የሚለየውን ሌላው በኮማ ይለያል። አንድ ነጥብ አምስት የተባለ መድኃኒት አስራ አምስት ተብሎ ቢነበብ ማን ሊጠየቅ ነው?»

እስካሁን ሲያዳምጡ የቆዩት ሚስት ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ወሩ በስሙ ቢጻፍ ኖሮ በጊዜው እመጣ ነበር ማለት ነው?»

ባልየው ናቸው የመለሱት።

«ትመጪ ነበር።»

ሴትየዋ ያኔውኑ «አምስት ወር አልበዛም? እያመመኝ እኮ ነው» ብለው ነበር። «ተራ ነው፤ ፕሮግራሙ አይሳሳትም» ያሏቸው እኚሁ ባላቸው ናቸው። አሁን ይህን ሲያስቡ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ሐኪሙ ሴትየዋን አስገብቶ መረመራቸው። «ያኔ ቢሆን ቆርጠን እናወጣው ነበር፤ አሁን ጉበት ደርሷል። የምንችለው ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው» አለ። ሴትየዋ አመስግነው ወጡ። ባልየው ከኋላ ተከተሏቸው።

በማግስቱ ጧት ሽማግሌው ሳይጠሩ ወጣቷ ቢሮ መጡ። «አስተካክይው፣ ልጄ። ልክ ነበርሽ። እኔም ሲሠራ ልይ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ የቀጠሮ ወረቀቷ የወሩን ስም ከነሙሉ ፊደሉ ትጽፋለች፤ የጨመረባት ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም። ጸሐፊዎቹ እስክሪብቶ ማንሳት ትተዋል፤ የትኛውም ኮምፒዩተር ቢገባ ቀንና ወር አይለዋወጡም፤ በቀኑ ሳይመጣ ቀርቶ ስሙ የሚሰረዝ በሽተኛም ቀንሷል። ብዙ ሰው ተርፏል ማለት ነው። ሰው ቢመከር ጥቅሙ ይህን ያህል ነው፤ የዘገየ ምክር ግን የሚያድነው የሌላውን ቤት ነው።

ያን ዕለት ጧት የተጀመረው ሥራ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ።

«ይኸው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወጣቷ ውኃ ልታመጣላቸው ስትነሳ እጇን ይዘው አስቀሯት።

«ተይው፣ ልሂድ» አሉ። «ብቻዋን ናት።»