ጀርባዋን ብቻ

ሰኞ ጠዋት፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ኪናሲ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። መምህሩ «ቁርስ ሳይበሉ እየመጡ!» አለ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ ወደ ቤት ተላከች።

ጎረቤቷ ላራስ ከሆስፒታል ስትመለስ ወደ ኪናሲ ቤት የጎራችው አያቷ የሚሸጡትን ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ቂጣ፣ ልትገዛ ነበር። ሥራዋ ራጅ ማንሳት ነው። ስትገባ ልጅቷ ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታለች፤ ሰፈሩ ‘ምባህ’፣ አያቴ፣ የሚላቸው አያቷ ቱኪነም ዘይት በነካ ሳንቲም ጀርባዋን ይፍቃሉ። ጀርባዋ እንደ ዓሣ አጥንት ሰንበር በሰንበር ሆኖ ቀልቷል።

«ምን ሆነች፣ ምባህ?»

«ነፋስ ገብቶባት ነዋ፤ ፍቄ እያስወጣሁላት ነው! አታዪም እንዴት እንደቀላ? ቴምፔው ጓዳ ነው፤ ራስሽ አንሺ።»

«መቼ ገባባት?»

«ሦስት ዓመቱ። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፤ ስትሮጥ ልቧ ድው ድው ይላል። ነፋሱን ያመጣባት ያ የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ከነገ ጀምሮ ትምህርት የለም፤ እዚሁ አኩሪ አተር ትፈትግልኛለች።»

ኪናሲ ፊቷን ምንጣፉ ውስጥ ቀበረች።

የላራስ ደም ፈላ። «ሦስት ዓመት የማይወጣ! ነፋስ ነው ወይስ ተከራይ?»

«አፍሽን ሰብስቢ። እናትሽንም አንቺንም የፋቅሁ እኔ ነኝ። ሞታችኋል?»

«የእኛ በማግሥቱ ይለቀን ነበር። ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲፍቁ፣ አንድ ቀን ገልብጠው ደረቷን አይተዋል?»

«ወግ ነው? ልጅቷ እኮ አድጋለች! ነውር ነው።»

ነውር! የትምህርት ቤቱ ሐኪም በሸሚዝ ላይ ያዳምጣል፤ መምህሩ ሰነፍ ይላል፤ አያት ጀርባ ይፍቃሉ። ሁሉም ጨዋ፤ ልጅቷ ግን ትታፈናለች።

«ንዱክ፣ የኔ ልጅ፣» አለቻት ጎንበስ ብላ፣ «ሸሚዝሽን ልበሺና የምባህን እጅ ራስሽ ደረትሽ ላይ አስገቢ። ማንም አያይም።»

ልጅቷ ተነሥታ ሸሚዟን ለበሰች። ከዚያ ያንን ዘይታም እጅ ይዛ ከሸሚዟ ሥር ከተተችው። እጁ ቀጥ አለ።

«ይኼ ጎድጓዳ ምንድነው? ማን መታሽ?»

«ማንም። ሳድግ ነው የጎደጎደው። ልጆቹ ‘በርበሬ ውቀጪበት’ ይሉኛል።»

«የደረት አጥንቷ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው፤ እንዲህ ያለ በራጅ አይቻለሁ፣» አለች ላራስ። «ልቧን ይፈልጉት እስቲ።»

እጁ ወደ ግራ ሄደ፤ አሁንም ሄደ። «ኧረ እዚህ ድረስ! እንዴትስ ይመታል!»

«አጥንቱ ገፍቶት ነው። ሳንባዋም ቦታ ጠቦታል። ስትተኛ ትንፋሹ ይበቃታል፤ ስትሮጥ አይበቃትም። ስንፍና አይደለም፤ ነፋስም አይደለም። ቁመት በምትጨምርበት ዕድሜ ደግሞ ሊብስ ይችላል።»

«ይቀዷታል?»

«መጀመሪያ ልቧንም ትንፋሿንም በመሣሪያ ይለካሉ። ለአንዳንዱ ስፖርት ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። አጥንቷ ገና ለጋ ነው፣ ምባህ፤ ሲጠና ይከብዳል። ከታከመች ደረጃ እየወጣች ታወራለች፤ ባንዲራው ጫፍ እስኪደርስ ትቆማለች። ቤት ካስቀሯት ግን አኩሪ አተሩን ስትፈትግም ያው ታለከልካለች። ምን አተረፉ?»

ምባህ እጃቸውን አላወጡም። «ለምን አልነገርሽኝም፣ አንቺ ልጅ?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ?» አለች ኪናሲ።

አሮጊቷ ሳንቲሙን በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ የት እንደሚያኖሩት ግን ጠፋቸው። በመጨረሻ የዘይቱ ሳህን ውስጥ ጣሉት። «ነገም ትምህርት አለ፣» አሉ ለልጅቷ። «አሁን ግን ተነሽ። ጫማዬን ፈልጊልኝ።»

ላራስ ቴምፔውን ረስታ ወጣች። ኪናሲን ሞተር ብስክሌቷ ላይ መሐል፣ ምባህን ከኋላ አስቀምጣ፣ ወደመጣችበት ሆስፒታል ተመለሰች።